እንግዳ መምህር ስንቀበል
በጎ ፈቃደኛ የእንግሊዝኛ መምህራንን ለሚጠይቁ ቁምስናዎችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ጥናት



በየቁምስናው ጉባኤ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለልጆቻችን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ከውጭ አገር አይመጣልንም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከወላጅ ጭንቀት የመነጨ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። ልጁ በአማርኛ ሲማር ይቆይና 9ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ቢያውቀውም አይረዳውም። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገብስ ዘርቶ ልጁን የሚያስተምር ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ስለዚህ በጎ ፈቃደኛ መምህር መፈለግ መልካም ነው። ሆኖም ጎንደር ለእንግዳ መምህር አዲስ አገር አይደለችም። ከአራት መቶ ዓመት በላይ እንግዳ መምህራንን ስትቀበል፣ ስትፈትን፣ አንዳንዶቹንም ስታሰናብት የኖረች አገር ናት። ከዚህ ረጅም ታሪክ የምንረዳው ነገር ቢኖር በእነዚህ ተራሮች መካከል ፍሬ ያፈራው እንግዳ አስቀድሞ ራሱ ተማሪ ለመሆን የፈቀደው መሆኑን ነው። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

አጵሎስ በኤፌሶን

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ከቁጥር 24 ጀምሮ ያለውን በየቡድናችሁ አንብቡት። አጵሎስ የእስክንድርያ ሰው ነበረ፤ ንግግር ዐዋቂ፣ በመጻሕፍትም የበረታ። ወደ ኤፌሶን መጥቶ በትጋት ያስተምር ነበር፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበረ። አቂላና ጵርስቅላ ሰሙት። እነርሱ ድንኳን ሰፊዎች ናቸው። በምኩራብ በሰው ፊት አላሳፈሩትም፤ በአንደበቱ ተማርከውም ዝም አላሉም። ወደ እነርሱ ወስደው የጎደለውን አስረዱት። ወደ አካይያ ሊሻገር በፈለገ ጊዜም ወንድሞች በዚያ ላሉት ደቀ መዛሙርት እንዲቀበሉት ደብዳቤ ጻፉለት።

እንግዳው ሊቅ ነው፤ አስተናጋጆቹ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ናቸው፤ አራሚዎቹ ግን እነርሱ ሆኑ። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከውጭ የመጣውን ሰው ገና ከመኪናው ሲወርድ እንደ ሊቅ እንቆጥረዋለን፤ ክፍሉን እንሰጠዋለን፤ ሃያ ዓመት ያስተማረውን መምህራችንን ደግሞ ወንበር አመላላሽ እናደርገዋለን። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አይቻለሁ፤ የት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። እንግዳው ለስድስት ሳምንት መጣ፤ ልጆቹን ዘፈንና ጨዋታ አስተማረ፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሄደ። በሰባተኛው ሳምንት መምህሩ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ልጆቹ አጠራሩን እየሰሙ ይሥቁበት ጀመር። እንዲህ ያለው እርዳታ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ከጎንደር ታሪክ

አባ ፔድሮ ፓኤዝ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዙ ተይዘው በየመን ለዓመታት በምርኮ ቆዩ፤ ወደ አገራችን የገቡት በ1603 ነው። በትግራይ ፍሬሞና ተቀምጠው ግእዝና አማርኛ ተማሩ፤ ሕፃናትንም አስተማሩ። ቤተ መንግሥት በቀረቡ ጊዜ ተደማጭ ያደረጋቸው ይህ ትዕግሥታቸው ነው። በ1622 በጣና ዳር በጎርጎራ እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የአገሩን ነገር ከመጠየቅና ከመጻፍ አልቦዘኑም።

ከእርሳቸው በኋላ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። የሕዝቡን ቅዳሴ፣ ጾምና የዘመን አቆጣጠር እንደ ላቲኑ ሥርዐት ሊለውጡ ተነሡ፤ የአገሩን ክህነትና ጥምቀት እንደ ጎደለ ቆጠሩት። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጥተው በ1636 ጎንደርን ቈረቈሩ። ከተማችን የተመሠረተችው በዚያ ቁስል ማግሥት መሆኑን ማንም የእኛ ሰው ሊዘነጋው አይገባም። አንዲት የጎንደር እናት ልጇን ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ስትልክ ልቧ ቢጠራጠር አትፍረዱባት። ጥርጣሬዋ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው።

ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ቅዱስ ዮስቲኖስ ደ ያቆቢስ፣ አገሬው አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፣ በ1839 ዐድዋ ገቡ። ቋንቋውን ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ፤ የግእዙንም ሥርዐት አከበሩ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ከጎጃም ተነሥተው በጎንደር ጉባኤ ቤቶች የተማሩ ሊቅ ነበሩ፤ አቡነ ያዕቆብንም ሲያገኟቸው ተማሪ ብቻ አልሆኑም። በግእዙ ዕውቀት መምህሩ እርሳቸው ነበሩ፤ ሁለቱም እየተማማሩ ሠሩ። በ1854 ሁለቱም በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በእስር እየተንገላቱ በ1855 በመንገድ ላይ አረፉ። ቤተ ክርስቲያን አባ ገብረ ሚካኤልን በ1926 ብፁዕ፣ አቡነ ያዕቆብን በ1975 ቅዱስ ብላ አወጀች።

በዚያው ዘመን ፕሮቴስታንቱ ሚሲዮናዊ ማርቲን ፍላድ በደምቢያ በጄንዳ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ሥራቸው በቤተ እስራኤል ላይ ያተኮረ ነበር፤ ዓላማውን እዚህ አንመረምርም። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1868 ከመቅደላ በኋላ አውሮፓውያኑ ተመልሰው እንዲቀመጡ አልተፈቀደላቸውም። ሥራውን የያዙት ቀድሞ የተማሩት ያገር ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ሚካኤል አረጋዊ ነበር። ፈረንጁ ሲሄድ ትምህርቱ የቆመው ራሱን የቻለ ያገር መምህር በነበረበት ቦታ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን ለሚሲዮን ክፍት በሆኑና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይዞታ በሆኑ ክፍሎች ለየ። ጎንደር ከሁለተኛው ነው። ሚሲዮናውያኑ አማርኛ እንዲማሩ፣ የማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። በ1945 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የካናዳ ኢየሱሳውያንን ጠርተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ሰጧቸው። አለቃቸው አባ ሉስዬን ማት በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እነዚህ ካህናት በንጉሡ ፈቃድ እንደ ምእመን ለብሰው፣ ስለ እምነታቸው ሳይሰብኩ አስተማሩ። ደግሞም ከኬቤክ የመጡ ስለ ነበሩ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ነበር፤ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይህን የምጠቅሰው «እንግሊዝኛን የሚያስተምር እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ ካልሆነ አይሆንም» ለሚሉ ወላጆች ነው። ቋንቋውን በትምህርት ያገኘ ሰው ልጁ የሚሰናከልበትን ድንጋይ ያውቀዋል፤ እርሱም ተሰናክሎበት አልፏልና።

ከመስከረም 1962 ጀምሮ አሜሪካ የላከቻቸው የሰላም ጓድ ወጣቶች ጎንደርን ጨምሮ በብዙ ከተሞች አስተምረዋል። እነርሱ የመንግሥት እንጂ የሚሲዮን አልነበሩም፤ ነገር ግን በዕድሜ የገፉ የጎንደር ሰዎች «በጎ ፈቃደኛ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ መጀመሪያ የሚታወሷቸው እነርሱ ናቸው። ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ወገን ደግሞ በኢትዮጵያ ለዓመታት የኖሩት የአንግሊካን ቄስ ሮጀር ካውሊ ሊጠቀሱ ይገባል። ከመሪጌቶቻችን እግር ሥር ተቀምጠው የአንድምታን ትርጓሜ አጠኑ፤ በ1983 እና በ1988 የወጡት መጻሕፍታቸው ይህን ሀብት ለውጭው ዓለም ሊቃውንት አስተዋወቁ።

እንግሊዝኛው ወጥመድ እንዳይሆን

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። በዙሪያችን ያሉት ልጆች እጅግ የሚበዙት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው የሚልኩልን እንግሊዝኛ እንዲማሩ ነው። ይህን አምነው የሰጡንን ልጅ በቋንቋው ስም ወደ ሌላ ነገር መሳብ እምነት ማጉደል ይሆናል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ «አድ ጄንቴስ» በተባለው ድንጋጌ ቁጥር 13 ላይ ማንንም ወደ እምነት በግድ ማምጣትን፣ ተገቢ ባልሆነ ዘዴ ማባበልንም አጥብቆ ከልክሏል። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል።

አንዳንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን «እንግዲያውስ ትምህርት ቤቱ ለቤተ ክርስቲያን ምን ይጠቅማታል?» ይላሉ። ጥያቄውን አከብራለሁ፤ የሚደክሙ ሰዎች ጥያቄ ነውና። ነገር ግን ያው ጉባኤ በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ካቶሊክ ያልሆኑ ልጆች የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች ቤተ ክርስቲያን በተለይ እንደምትወዳቸው ገልጿል። የተራበን ስናበላ «ነገ ወደ እኛ ይመጣ ይሆን?» ብለን እንደማንቆጥር ሁሉ፣ ያላወቀን ስናስተምርም እንዲሁ ነው። ከዚህ ሌላ ሒሳብ የሚያሰላ ሰው የሜንዴዝን መንገድ በሌላ ስም እየሄደበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ነገር በትንንሹ ይፈተናል። እንግዳው ከአገሩ ያመጣውን ወተት ያለበት ቸኮላት ረቡዕ ቀን ለልጆች ያድላል። በደግነት ነው፤ ልጁ ግን ጾሙን ሊፈታ ወይም የመምህሩን ስጦታ ሊመልስ ይገደዳል። እናቱም ማታ ትሰማለች። አንድ ብስኩት የአንድ ዓመት ድካም ሲያፈርስ ማየት ያሳዝናል። ልጁ ስለ እምነት ቢጠይቀው መምህሩ ያመነውን በአጭሩ በእውነት ይመልስ፤ ከዚያም ወደ ወላጁና ወደ ንስሐ አባቱ ይምራው። የራሳችን ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩት በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ክፍል ይሁን።

በክፍል ውስጥ

እንግዳው መምህር ስለ ልጆቹ ቋንቋ ሳያውቅ ቢገባ ስሕተቱን ሁሉ ስንፍና ይመስለዋል። ፊደላችን እያንዳንዱን ተነባቢ ከአናባቢው ጋር ስለሚያያይዝ፣ ተነባቢ በተደራረበ ጊዜ ልጁ «እስኩል» ይላል። በገጠር «ፖሊስ» «ቦሊስ»፣ «ቴሌቪዥን»ም «ቴሌቢዥን» ሲባል ሰምታችኋል። መቀመጥ እና መቀመጫ የሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሲት» ስለ ሆኑ ልጁ ልዩነቱን በጆሮው እንጂ በዓይኑ አያገኘውም። ማሰብ የሚለውን ቃል ሲጠራም መስመጥ የሚል ይሆንበታል። ግሣችን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይውላል፤ የእነርሱ በመካከል ነው። «መጣ»፣ «መጣች» ስንል እሱና እሷ በግሡ ውስጥ ስላሉ፣ ልጁ በእንግሊዝኛው ተውላጠ ስሙን ይዘልለዋል። ለአክብሮት የሚሆን «እርስዎ» ስለሌለም መምህሩን «ዩ» ማለት ያሳፍረዋል፤ «አንተ» ያለ ይመስለዋልና ዝም ይላል። ይህን የማያውቅ መምህር ልጁ አልገባውም ብሎ ይጽፋል።

ለዚህ ሁሉ ፍቱን መድኃኒቱ መምህሩ ራሱ በየቀኑ አንድ ሰዓት አማርኛ መማሩ ነው። «አድ ጄንቴስ» በቁጥር 26 የሚላኩት ሰዎች ቋንቋውን አቀላጥፈው እንዲናገሩ ይጠይቃል፤ የአንድ ዓመት በጎ ፈቃደኛ እዚያ ባይደርስም መጀመሩ ብቻ ይጠቅማል። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ሲያታግሉት ልጆቹ ያዩታል። ለአረጋዊው ቄስ «አንተ» ብሎ ሰው ሲሥቅበት፣ መሳሳት የሞት ያህል እንዳልሆነ ይማራሉ። ሰዓቱንም አስተምሩት፤ «ሁለት ሰዓት» ስትሉት ከቀትር በኋላ ይመጣል፣ ልጆቹ ግን ከጠዋት ጀምሮ በብርድ ይጠብቁታል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ጎንደር የሰው አፍ መፍቻ ያልሆነን ቋንቋ በማስተማር የተካነች ከተማ ናት፤ ያም ቋንቋ ግእዝ ነው። እንግዳው የቆሎ ተማሪዎችን ዜማ ከሩቅ ሰምቶ «በቃል መሸምደድ» ብሎ ያልፋል። ቀርቦ ቢያይ ግን የቅኔ ተማሪ ግሡን በቃሉ ከያዘ በኋላ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ እንደሚቆጥር፣ ማታ ለመምህሩ እንደሚነግር፣ በጓደኞቹም ፊት እንደሚታረም ይረዳል። የትርጓሜው ቤት ደግሞ ንባቡን በግእዝ አሰምቶ ወዲያው በአማርኛ ይፈታል፤ «አንድም» እያለ ያሰፋል። ተማሪው ቃሉንም ትርጉሙንም በአንድነት ይዞ ይወጣል። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ይህንኑ በስልሳ ተማሪ ክፍል ቢሠራበት፣ ማለትም አጭር ንባብ፣ ያገሩ መምህር የሚሰጠው አማርኛ ፍች፣ ከዚያም ልጁ ራሱ ያዘጋጃት አንዲት አዲስ ዐረፍተ ነገር በየቀኑ ቢኖር፣ ውድ መጻሕፍት ሳያስፈልጉት ብዙ ይሄዳል። ተዘዋዋሪ ጨዋታና ዘፈን ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ከመምጣቱ በፊት፣ ከሄደም በኋላ

ለአጵሎስ ደብዳቤ የጻፉለት ወንድሞች ለእኛም ምሳሌ ናቸው። ከገዛ ጳጳሱ ወይም ከማኅበሩ አለቃ የምስክር ደብዳቤ፣ ከአገሩ ፖሊስም ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የሌለውን ሰው አትቀበሉ፤ ምንም ያህል ደግ መስሎ ቢታይ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2019 ባወጡት ሕግ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት በሕፃናት ላይ የሚደርስ በደል የሚመለከትበት ግልጽ መንገድ እንዲኖረው አዝዘዋል። እንግዳው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ። ይህን ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ጨዋ ሰው አይቆጣም።

ጊዜውንም በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለፈረንጆቹ ዕረፍት ስለ ሆነ በዚያ ሊመጡ ይወዳሉ። በደጋው ግን ያን ጊዜ ጭቃ ነው፤ ልጁ አረም ላይ ወይም ከብት ጥበቃ ላይ ነው፤ ነሐሴ ከገባም በኋላ የፍልሰታ ጾም አለ። የሚቻለው ሰው በመስከረም መጥቶ እስከ ሰኔ ቢቆይ ይሻላል። ስድስት ሳምንት ብቻ ያለው ከልጆቹ ይልቅ ከመምህራኑ ጋር ይሥራ፤ ከሰዓት በኋላ ንባብና አጠራር አብረው ይለማመዱ። በክፍል ውስጥም ዋናው መምህር ያገሩ መምህር ይሁን፣ እንግዳው ከጎኑ ይቁም። ልጆቹ የሚያዩት ቅደም ተከተል ይኸው እንዲሆን የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሊጠብቅ ይገባል።

በክልላችን ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የተስፋፋው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን እንዳዘጋና መንገዱንም እንዳከበደ ታውቃላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ለብዙዎቻችን ከንቱ ተስፋ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓመት እየተላኩ ማገልገል እንደ ጀመሩ፣ አብዛኞቹም እንዳስተማሩ አረጋውያኑ ያስታውሳሉ። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚመለስ የቁምስናችሁ ወጣት፣ ለ8ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን በቁምስናው አዳራሽ ቢያነብብላቸው እርሱም በጎ ፈቃደኛ መምህር ነው። ደብዳቤና ቁጥጥር ግን ለእርሱም ያስፈልገዋል፤ ያገር ልጅ ነው ተብሎ አይታለፍ።

በመጨረሻም አንድ ደብተር ይዘጋጅ። ማንም ይምጣ ማን፣ በየሳምንቱ የተማሩትን ቃላት፣ ልጆቹ የተሰናከሉበትን፣ የተሻለ ሆኖ የተገኘውን ዘዴ ይጻፍበት። ከውጭ የመጣው በእንግሊዝኛ የጻፈውን ያገሩ መምህር በአማርኛ ይመልሰው። ደብተሩ የሚቀመጠው በእንግዳው ሻንጣ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ነው፤ ቁልፉም በዚያ በሚቀረው መምህር እጅ ይሁን።